ስም ያልወጣላት

አያቴ በርኖስ ነበራቸው። ከመንዝ በግ ጠጉር የተሠራ፣ ጥቁር፣ ዝናብ የማያስገባ፣ በአንድ ትከሻው ላይ እንደ ቀንድ ብቅ ያለ ነገር ያለው። ካረፉ በኋላ እናቴ አጣጥፋ የእንጨት ሳጥን ውስጥ አስቀመጠችው። ለሙት ዓመታቸው ሲወጣ ወንፊት መስሏል። እናቴ በመዳፏ ዳሰስ ዳሰስ አደረገችውና "ብል በላው" ብላ ዝም አለች። ከዚያ በላይ የሚባል ነገር አልነበረም። እኔ ግን የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበርኩና ሳጥኑን ደጅ አውጥቼ ገለበጥኩት። ከማዕዘኑ ከስንዴ ፍሬ የማትበልጥ፣ ወርቅ የመሰለች ነገር ወጣች። አልበረረችም። ፀሐዩን ሸሽታ ወደ ሳጥኑ ስንጥቅ ሮጠች።

ብል ማለት እሷ እንደሆነች፣ በርኖሱን የጨረሰው ግን ክንፍ ከማውጣቷ በፊት የነበረው እጭ እንደሆነ ያወቅኩት ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ክንፍ ያወጣች ብል የምትበላበት አፍ እንኳ የላትም።

ቋንቋችን እነዚህን ፍጥረታት የሚጠራው በሁለት መንገድ ነው። ወይ በሚያጠፉት ነገር ይጠራቸዋል፦ ብል ይበላል፣ አገዳ ቆርቁር ይቆረቁራል። ወይም በአሟሟታቸው፦ ኩራዝ ስትዞር ቆይታ መጨረሻዋ ለእሳቱ ራት መሆን ነውና "የእሳት ራት" ተባለች። ይህን ስም መጀመሪያ የተናገረው ሰው በቃል የተካነ ሰው መሆን አለበት፤ በሌላ ቋንቋ ይህን የሚያህል ስም አላጋጠመኝም። ይሁን እንጂ አንድ ስም ነው። በዓለም ላይ እስካሁን ሳይንሳዊ ስም የወጣላቸው ቢራቢሮዎችና የእሳት ራቶች ወደ 160 ሺህ ዝርያዎች ይጠጋሉ፤ ከእነዚህ ውስጥ ቢራቢሮዎቹ 19 ሺህ ገደማ ብቻ ናቸው። የቀረው ሁሉ በዚያች በአንዲት ስም ሥር ተጠቅልሎ ይኖራል።

እኔ የምሠራው በትንንሾቹ ላይ ነው። ትንሽነት የዝምድና ምልክት አይደለም፤ ከአንድ ግንድ ስለመጡ ሳይሆን ለአያያዝ ስለሚያስቸግሩ አንድ ላይ የተመደቡ ናቸው። የጥንት ሰብሳቢዎች ትልልቆቹንና ባለ ቀለሞቹን እየለቀሙ እነዚህን ትተዋቸው ሄዱ። በእጅ ሲነኩ ቀለማቸው የአቧራ ያህል ይረግፋል። በተራ ስፒል ከተወጉ ይሰነጠቃሉ፤ ስለዚህ ከፀጉር ብዙም በማይወፍር መርፌ፣ በማይክሮስኮፕ እየታዩ ነው የሚወጉት፤ ያውም ከሞቱ ብዙም ሳይቆዩ፣ ክንፋቸው ሳይደርቅ።

ከአራት ዓመት በፊት ከአንኮበር በታች፣ በወፍ ዋሻ ደን ግርጌ፣ ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት በሁለት ዛፎች መካከል አቡጀዲ ወጥረን ከፊቱ አምፖል አበራን። ጄኔሬተሩን የሚጠብቁልን አዛውንት ገበሬ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከጎኔ ተቀምጠዋል። እኩለ ሌሊት ሲቃረብ አቡጀዲው ነጭነቱ ጠፋ፤ ከላይ እስከ ታች በክንፍ ተሸፈነ።

"ልጄ፣ ይህን ሁሉ ሰብስበሽ ምን ልታደርጊው ነው?"

"ስም ያልወጣላቸው ካሉ ልፈልግ ነው አባባ።"

ትንሽ አሰቡ። "ስም የሌለው ፍጥረት አለ እንዴ? አዳም ሁሉንም ጠርቷቸው የለም?"

የምመልሰው ቃል አጣሁ። እስካሁንም ያንን ጥያቄ ይዤው እዞራለሁ። አዳም ስም ያወጣላቸው ወደ እሱ የመጡትን ነው፤ እነዚህ ግን ካልሄዱባቸው አይመጡም። በዚያች ሌሊት አቡጀዲው ላይ ከነበሩት ውስጥ እዚያው ሳለሁ ስማቸውን ልጠራ የቻልኩት ከዐሥር አይበልጡም።

ዛሬ የምጽፍላት ግን ወደ አምፖሉ የመጣች አይደለችም። በማግስቱ ጠዋት፣ ከመንገዱ ዳር ካለ ብሳና ላይ ነው ያገኘኋት። የብሳና ቅጠል ሲያረጅ ብርቱካንማ እንደሚሆን የገጠር ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ከእነዚያ ቅጠሎች አንዱ ላይ እንደ ተቃጠለ ወረቀት የገረጣ ቦታ አየሁ። ወደ ብርሃን አዙሬ ስይዘው በቅጠሉ የላይኛውና የታችኛው ቆዳ መካከል ተጋድሞ የሚበላ እጭ ጥላው ታየኝ። ሰው ቅጠልን ስስ አድርጎ ያየዋል፤ ለእሱ ግን ጣሪያና ወለል ያለው ቤት ነው። ምግቡም እዚያ ነው፣ ቆሻሻውም እዚያ ነው፣ ክንፍ ለማውጣት የሚተኛውም እዚያው ነው።

ቅጠሎቹን በብርጭቆ ማሰሮ አድርጌ፣ አፋቸውን በሻሽ አስሬ ወደ አዲስ አበባ አመጣኋቸው። ከብዙዎቹ የወጡት ጥቃቅን ተርቦች ነበሩ፤ እጩን ከውስጥ ሆነው በልተው ያደጉ። ከሦስቱ ግን እሷ ወጣች።

ክንፏ ተዘርግቶ ከጫፍ እስከ ጫፍ 6 ሚሊሜትር ነው። የፊት ክንፏ እንደ አዲስ የተወለወለ የመዳብ ድስት ያበራል፤ ሦስት ነጭ መስመሮች በገደምዳሜ ይሻገሩታል፤ ጫፉ ላይ ደግሞ አንዲት ጥቁር ነጥብ አለች። የኋላ ክንፏ ዘርፍ ነው ቢባል ይቀላል፤ በጠርዙ ላይ የተደረደረው ጠጉር ከክንፉ ከራሱ ስፋት ይበልጣልና የነጠላ ጥለት ብቻውን የሚበር ይመስላል። ይህን ሁሉ ያየሁት በማይክሮስኮፕ ነው። ለዓይን ግን ማሰሮው ውስጥ የወደቀች ጉድፍ ናት።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሥራ ለሰው ስናገር ፊቱ ይለወጣል፤ ግን ያለ እሱ ምንም ማለት አይቻልም። ሁለት የእሳት ራቶች በክንፋቸው ቁርጥ አንድ ሆነው ሁለት ዝርያ ሊሆኑ ይችላሉ። በአብዛኛው የሚለያቸው የመራቢያ አካላቸው ቅርጽ ነው። ስለዚህ ሆዷ በወረንጦ ይነቀላል። ከጤፍ ፍሬ ብዙም የማይበልጥ ነገር ነው። ሥጋው እንዲሟሟና ጠንካራው ክፍል ብቻ እንዲቀር በፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ውስጥ ይሞቃል። ከዚያ በቀጭን ብሩሽ ይጸዳል፣ ቀለም ይነከራል፣ በአልኮል ውኃው ይወጣለታል፣ በመስተዋት ላይ ይለጠፋል። ንጹሕ ሆኖ ሲወጣ ያየሁትን ውበት በቃል ለመናገር ያዳግተኛል፤ የወንዱ ጥንድ መያዣዎች እንደ ተከፈተ መጽሐፍ ግራና ቀኝ ይዘረጋሉ፣ እሾሆቻቸው በቁጥር ይታያሉ።

ከሦስቱ አንዱ ወንድ ነበር። የወንዱን ሆድ በማሞቂያው ላይ አድርጌ ሳለሁ ስልክ ተጠራ። ወጥቼ አነጋገርኩ። ስመለስ ፈሳሹ ደርቆ ነበር፤ ከሥሩ የቀረው ቡናማ እድፍ ብቻ ነው። ማንም አልገፋኝም፣ መብራትም አልጠፋም፤ ያደረግኩት እኔ ነኝ። በዚያ ቀን ቤቴ ገብቼ እራት አልበላሁም። ከዚያ በኋላ ማሞቂያው እየሠራ ስልክ አንስቼ አላውቅም።

የቀሩት ሁለቱ ሴቶች ናቸው። የአንዷን ሠራሁ። አካሏ ከማውቃቸው ዘመዶቿ ከአንዳቸውም ጋር አልገጠመም። ከአንዷ እግር ደግሞ የዘረመል ምርመራ አስደረግን። ከ2003 እ.ኤ.አ. ወዲህ ለእንስሳት መለያ እንዲሆን የተመረጠ አንድ የዘረመል ቁራጭ አለ፤ ርዝመቱ 658 ፊደላት ነው። አንዲት ደረቅ እግር ትበቃለች። እግሯ ከአገር እንድትወጣ ግን ፈቃድ ያስፈልጋል፤ በ1998 ዓ.ም. የወጣው የጄኔቲክ ሀብት አርክቦት (ሀብቱን አግኝቶ የመጠቀም ፈቃድ) አዋጅ ለዝሆንም ለዚህች እግርም እኩል ይሠራል። ወረቀቱ ወራት ወሰደ። አንዳንድ ባልደረቦቼ በዚህ ይማረራሉ፤ እኔ አልማረርም፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ። ውጤቱ ሲመጣ ከተመዘገቡት ጋር የቅርብ ዘመድ አልተገኘላትም።

"እንግዲያው አዲስ ናት፤ ጻፊያ!" ይለኛል የሚሰማ ሁሉ። እዚህ ላይ ነው ሰው ሥራችንን የማይረዳው። አዲስ መሆኗን የሚያረጋግጠው እሷን ማየት ብቻ አይደለም። ከእኔ በፊት ማንም ሰው፣ በየትኛውም አገር፣ በየትኛውም ቋንቋ፣ በሌላ ስም ጠርቷት እንዳላለፈ ማረጋገጥ አለብኝ። የእንስሳት ስም አወጣጥ ከ1758 እ.ኤ.አ. ከስዊድናዊው ሊቅ ከሊኒየስ መጽሐፍ ይጀምራል፤ ሕጉም ቀድሞ የወጣው ስም ይጸናል ይላል። ስለዚህ ከዚያ ጀምሮ የተጻፈውን ማገላበጥ ነው። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በዚህ መንገድ የሚሄድ ሰው ሁሉ ከኤድዋርድ ሜይሪክ ጋር ይገናኛል። ሜይሪክ በ1854 ተወልዶ በ1938 ያረፈ እንግሊዛዊ መምህር ነው። በማርልቦሮ ኮሌጅ ግሪክና ላቲን እያስተማረ፣ ከመላው ዓለም በፖስታ የሚላክለትን ትንንሽ የእሳት ራት በእጅ አጉሊ መነጽር እያየ፣ ከ14 ሺህ በላይ ለሚሆኑ ዝርያዎች ስም አውጥቷል። አንድ ሰው! ሳስበው እደነግጣለሁ። አመሰግነዋለሁም፤ እቆጣዋለሁም። መግለጫዎቹ በአብዛኛው ጥቂት መስመሮች ናቸው፤ ስለ ክንፍና ስለ ቀለም ብቻ ይናገራሉ፤ የመራቢያ አካል አይመረምርም ነበር። "መዳብማ፣ ሦስት ነጭ መስመር ያለው" የሚል መግለጫ ሳነብ እሷ ትሁን ሌላ ከጽሑፉ መለየት አልችልም። ያለው መንገድ ሜይሪክ የያዘውን ናሙና ራሱን ማየት ነው።

በእኛ ሙያ የስም ሥልጣን ያለው በጽሑፉ ላይ አይደለም። እያንዳንዱ የዝርያ ስም በአንዲት ናሙና ላይ ይታሰራል፤ ሆሎታይፕ ትባላለች፤ ቀይ ወረቀት ከሥሯ ይሰካላታል። ጽሑፉ ቢሳሳት፣ ሥዕሉ ቢጠፋ፣ የስሙ ባለቤት እሷ ናት። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል የሚለውን ተረት ከሰማሁት ሁሉ በተጨባጭ ያየሁት በናፍታሊን ሽታ በታፈነ መሳቢያ ውስጥ ነው።

እነዚያ ናሙናዎች ታዲያ የት ናቸው? የሜይሪክ በብዛት ለንደን በተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ነው። ከእኛ አገር የተሰበሰበውም እዚህ አይደለም። ብሳናው ከቆመበት ብዙም ሳይርቅ ልጥ ማረፊያ ይገኛል። በ1876 ወደ ሸዋ የመጣው ጣሊያናዊው ኦራዚዮ አንቲኖሪ ከንጉሥ ምኒልክ ቦታ ተሰጥቶት የምርምር ጣቢያ ያቋቋመበት ነው፤ በ1882 አርፎ የተቀበረውም እዚያው ነው። የሰበሰበው ግን ጄኖቫ ገባ። የአዳኝና የሰብሳቢ ዘመን ነበር፤ ክፉ አሳብ ነበረው አልልም። ቢሆንም የአንኮበርን ነፍሳት ለማወቅ የአንኮበር ልጅ ወደ ጄኖቫና ወደ ለንደን ደብዳቤ መጻፍ አለባት። ስለ እግሯ ፈቃድ ያልተማረርኩት ለዚህ ነው። የእሷ ሆሎታይፕ አራት ኪሎ፣ በዩኒቨርሲቲው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም እንድትቀመጥ እፈልጋለሁ።

ስም መሳሳት ምን ይጎዳል የሚለኝ አለ። ቲማቲም የሚያለማ ሰው አይጠይቀኝም። ሜይሪክ በ1917 በፔሩ ከሁዋንካዮ ለመጣች አንዲት ግራጫ የእሳት ራት ፍቶሪሜያ አብሶሉታ ብሎ ስም አወጣላት። ከዚያ በኋላ ሊቃውንት ከወገን ወደ ወገን (የሳይንሳዊ ስሙ የመጀመሪያ ቃል የሚያመለክተው ምድብ ነው) እያዘዋወሯት ስሟ ደጋግሞ ተለወጠ፤ በ1994 ቱታ አብሶሉታ ሆነች። በ2006 ስፔን ገባች፤ በ2012 ደግሞ ኢትዮጵያ ደረሰች። የስምጥ ሸለቆ የቲማቲም ማሳዎችን ምን እንዳደረገቻቸው ያየ አይረሳውም፤ ቅጠሉ እሳት የላሰው ይመስላል፣ ፍሬው በቀዳዳ ተሞልቶ ይበሰብሳል። በ2021 አካላቷ እንደገና ተመርምሮ ፍቶሪሜያ ወደሚለው ወደ መጀመሪያ ወገኗ ተመለሰች። በዚያ ሁሉ መዘዋወር ውስጥ "አብሶሉታ" የሚለው ሁለተኛው ስም ስላልተነካና ናሙናዋም ስላለች ግን በየዘመኑ ስለ እሷ የተጻፈውን ሁሉ ፈልጎ ማግኘት ተቻለ፦ ምን እንደምትበላ፣ ምን እንደሚበላት፣ በስንት ቀን እንደምትራባ። ስም የዕውቀት መዝገብ ቁልፍ ነው የምለው ለዚህ ነው። ጽጌረዳችንም በዚሁ መንገድ ያልፋል፦ የአውሮፓ ኅብረት ከአፍሪካ በሚገባ ጽጌረዳ ላይ እንዳትገባ የሚፈትሻት ታውማቶቲቢያ ሉኮትሬታ የተባለች የእሳት ራት ስሟን ያገኘችው ከዚሁ ከሜይሪክ ነው፣ በ1913።

ቁልፉ የተሳሳተ ሲሆን ምን እንደሚሆን ደግሞ ቡና አሳይቶናል። የቡና ቅጠል ውስጥ ገብታ የምትበላ ነጭ የእሳት ራት በ1842 ስም ሲወጣላት ናሙናዋ የመጣው ከካሪቢያን ደሴቶች ነበር፤ ዛሬ ሉኮፕቴራ ኮፌላ የምትባለው ናት። በአፍሪካ ቡና ላይ የሚኖሩትም ስለሚመስሏት ለብዙ ዘመን በዚያው ስም ተጠሩ። በ1940 ግን ተለያይተው ሉኮፕቴራ ሜይሪኪና ሉኮፕቴራ ካፌይና የሚሉ ስሞች ወጡ። የኋለኛዋ እንቁላሎቿን በቅጠሉ ጅማት ላይ እያነካካች በሰልፍ ትደረድራለች፤ ሜይሪኪ ግን በትና ትጥላለች። ቡና የሚለቅም ሰው በዓይኑ ሊያየው የሚችል ልዩነት ነው! ልዩነቱ ስም እስኪያገኝ ድረስ ግን ስለ አንዷ የተማርነውን ለሌላዋ ስንሰጥ ኖርን። ቡና የወጣው ከእኛ ደን ሆኖ ቅጠሉን የምትበላው መጀመሪያ ስም ያገኘችው ውቅያኖስ ማዶ መሆኑ ባሰብኩት ቁጥር ያንገበግበኛል።

ባለፈው ዓመት ወደ ብሔራዊ ሄርባሪየም ሄድኩ። ሰዎች ዕፅዋት ተጨፍልቀው የሚቀመጡበት ቦታ የእኔን ጉዳይ ምን ይመለከተዋል ይላሉ። አሳቡን ያገኘሁት ከመቄዶንያ ነው። በ1984 በኦህሪድ ሐይቅ አጠገብ ሆርስ ቼስትነት በሚባለው ዛፍ ቅጠል ውስጥ የማትታወቅ የእሳት ራት ተገኘች፤ በ1986 ካሜራሪያ ኦህሪዴላ ተብላ ተሰየመች፤ ከዚያም አውሮፓን አዳረሰች። ከየት መጣች የሚለው ብዙ አከራከረ። በ2011 ተመራማሪዎች የድሮ ሄርባሪየም ቅጠሎችን ሲያገላብጡ በ1879 ግሪክ ውስጥ በተቆረጠ ቅጠል ውስጥ እጮቿን አገኙ፤ ቅጠሉን የጨፈለቀው ሰው ሳያውቅ እሷንም አብሮ ጨፍልቆ አስቀምጧት ኖሯል። ስም ከማግኘቷ ከመቶ ዓመት በፊት እዚያው ነበረች።

እኔም የብሳና ወረቀቶችን አንድ በአንድ ወደ መስኮቱ እያነሳሁ አየሁ። ሁለት ቀን ፈጀብኝ። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ ቅጠል ላይ ያ የገረጣ ቦታ ታየኝ፤ ቅርጹ ያው፣ ዳሩ ያው። የመለያ ወረቀቱን ሳነብ እኔ ከመወለዴ በፊት የተቆረጠ ነው። ወረቀቱን መልሼ ሳስቀምጥ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ቅጠሉ ውስጥ ያለ ቤት ስም አይሆንም፣ ናሙናም አይሆንም፤ ግን በአንድ ክረምት በነፋስ የመጣች እንግዳ እንዳልሆነች ነገረኝ።

ምን ብለሽ ልትሰይሚያት ነው ይሉኛል። በ2017 በካሊፎርኒያና በሜክሲኮ ለተገኘች አንዲት ትንሽ የእሳት ራት፣ ራሷ ላይ ቢጫማ ነጭ ቅርፊት ስላላት፣ ኒዮፓልፓ ዶናልድትራምፒ የሚል ስም ወጥቶላት ዓለም ሁሉ አወራት፤ ሰያሚው የሰውን ዓይን ወደ መኖሪያዋ ለመሳብ ብሎ ነው። ገባኝ፤ እኔ ግን እንዲያ አላደርግም። በእኛ ዘንድ ወንድ በአርባ፣ ሴት በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ትነሣለች። እሷ አራተኛ ዓመቷን ይዛለች፣ መዝገቤ ላይ ያላት ቁጥር ብቻ ነው። ሁለት ሴት ይዤ ብጽፍ ሕጉ አይከለክለኝም፤ ሜይሪክ በአንዲት ናሙና ብቻ ስንቱን ሰይሟል። ግን ወንዱን ሳላሳይ ከጻፍኩ ከሃምሳ ዓመት በኋላ የምትመጣ አንዲት ልጅ መሳቢያ ከፍታ በእኔ እንድትቆጣ አደርጋታለሁ።

ዘንድሮ በኅዳር ወደዚያው ብሳና ተመለስኩ። አዛውንቱ በሕይወት አሉ፤ "እስካሁን ክርስትና አላነሣሻትም?" አሉኝ። ስድስት ቅጠሎች ይዤ መጣሁ። ከሁለቱ ተርብ ወጣ። አንዱ ሻገተ። ሦስቱ ከመስኮቱ አጠገብ ናቸው፤ ጠዋትና ማታ አያቸዋለሁ።

ዛሬ ማለዳ ከአንደኛው ቅጠል ሥር የተተወ ባዶ ቆዳ ግማሹ ወደ ውጭ ወጥቶ አገኘሁ። ማሰሮውን ቀስ አድርጌ አዞርኩት። ሻሹ ከታሰረበት ክር ሥር፣ ራሷን ወደ ላይ አድርጋ፣ አንዲት መዳብማ ጉድፍ ተቀምጣለች። ወንድ ይሁን ሴት ከዚህ ሆኖ አይታይም። ክንፉ እስኪደርቅ ድረስ እየጠበቅኩ ነው ይህን የጻፍኩት።